ለወፍጮ ጆሮ የተሠራበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና ልንደርስ ስንል የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቺንጋው፣ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ተቃጠለ። የጋለ ጎማ ሽታ ከወለሉ ሥር ተነስቶ መኪናውን ሞላው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላውና በእጁ ይዞ እያማረረ ሲወርድ እኔ መነሳት አቃተኝ። ረዳቱ «እህት፣ አንቺ አትወርጂም እንዴ?» ብሎ ጣራውን እስኪደበድብ ድረስ አንገቴን ወደ ሞተሩ አዘንብዬ አዳምጥ ነበር። የማዳምጠው ነገር ግን እዚያ አልነበረም። በዚያ ሽታ የመጣብኝ አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው፤ ኮልፌ የነበረው የእናቴ ወፍጮ ቤትና ጋሽ ንጉሤ።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው መልአክ ግን ያን ቀን ተቻኩሎ ነበር። እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበርኩ። ቆሜ እበላለሁ፣ ሲያወሩኝ በአንድ እግሬ እዘላለሁ፣ የተዘጋ ነገር ካየሁ ካልከፈትኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ የግድግዳ ሰዓታችንን ውስጡን ለማየት ፈታሁት። መልሼ ስገጥመው ሦስት ጥርሳ ጥርስ ተረፈኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ ቤት የሚገኘው በወር አንዴ ነው፤ የሚቆጣጠረኝ አልነበረም። እማዬ ሰዓቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የሚገርመው አልተቆጣችም። «ነገ ከእኔ ጋር ወፍጮ ቤት ትሄጃለሽ» አለችኝ።

ወፍጮ ቤቱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ክረምት ሲሆን ከላይ ዝናቡ፣ ከሥር ወፍጮው ይጮሃሉ። እዚያ ውስጥ ሰው የሚግባባው በአፉ ሳይሆን በቅንድቡና በእጁ ነበር። የበርበሬው ወፍጮ በኮምፔንሳቶ ተከልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ሲሠራ ሰልፈኛው በሙሉ ያስነጥሳል። የእህሉ ወፍጮ መሀል ላይ ነው። ዱቄት ያልደረሰበት ቦታ የለም፤ የሸረሪት ድር እንኳ ነጭ ክር ሆኖ ይንጠለጠላል። የእኔ ሥራ ተራ ማስያዝ ሆነ። በሳልሳ ቆርቆሮ ክዳን ላይ በምስማር ቁጥር እጽፍና በየከረጢቱ ላይ አስቀምጣለሁ። ሴቶቹ ለቁጥሬ ደንታ አልነበራቸውም። ሽሮ ያመጣችው ከገብስ በፊት ልግባ ትላለች፣ ጤፍ ያመጣችው ደግሞ ከሽሮ በኋላ ሞቼ ነው ትላለች።

ወፍጮው ላይ የሚፈጩት ጋሽ ንጉሤ ነበሩ። ቅንድባቸውና ጺማቸው ነጭ ስለነበረ መጀመሪያ መቶ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ መስለውኝ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ጨርሰው ፊታቸውን ሲታጠቡ ሳይ የማላውቀው ሰው የገባ መስሎኝ እማዬን ጠራኋት። ለብዙ ዓመት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አስኮ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ጠዋት ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይጠና፣ ረጅም ካቻቢቴ ያወጣሉ። ጫፉን ወፍጮው ጎን ካለው ብረት ላይ ያሳርፉና የእንጨት እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ካለው አጥንት ላይ ይደግፉታል። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ወፍጮው ኃጢአቱን የሚናዘዝላቸው፣ እሳቸውም የንስሐ አባቱ የሆኑ መስሎኝ ነበር።

«ምን አለዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው ዓይናቸውን ሲገልጡ። አፌን አተኩረው አዩ።

«ሰካራም ነኝ ይላል። ግራሶ ካላጠጣችሁኝ አልፈጭም ይላል።»

የሚያዳምጡት ኩሽኔታውን ነበር። ኩሽኔታ ማለት የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት ነው። ከመሞቱ በፊት ያለቅሳል፤ ቀጭን የድመት ዓይነት ለቅሶ። የሰማው ሰው ወፍጮውን አጥፍቶ ይቀይረዋል። ያልሰማው እንደሆነ ኩሽኔታው ይነክሳል፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፣ ሞተሩም ይከተላል። ያን ዓመት ለፋሲካ ዋዜማ የሆነው ይኸው ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ወፍጮ ቤቱ እንደተዘጋ ነበር። እማዬ ጋሽ ንጉሤን ግቢ ውስጥ አቁማ፣ «እንዳይቀየሙኝ፤ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው መፈለጌ አይቀርም» ስትላቸው በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ጋሽ ንጉሤ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ።

ወፍጮ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት እህሉ አለቀና ድንጋዩ ባዶውን ይፋጭ ጀመር። ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ጀርባቸውን ሰጥተው የከረጢት አፍ ያስራሉ፤ በእርጋታ፣ አንዴ፣ ሁለቴ ቋጠሩት። ጮህኩ። አልዞሩም። ሮጬ ሽርጣቸውን ስጎትት ነው ደንግጠው ያጠፉት።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት ከከረጢቶቹ ኋላ አስቀመጡኝ። «የዚያ ፋብሪካ ጩኸት ነው የወሰደው» አሉኝ ጆሯቸውን እየነኩ። «አፍ አፍ እያየሁ እንደምንም እግባባለሁ። በካቻቢቴውም በአጥንቴ ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ ግን ካቻቢቴ ይዤ አልቆምም። እናትሽ ካወቀች እንጀራዬ አለቀ። ይቺ ነገር በእኔና በአንቺ ትቅር፣ ልጄ።»

ማልኩላቸው። ምልክትም አበጀን፦ ሽርጣቸውን አንዴ ከጎተትኩ እህል አልቋል፣ ሁለቴ ከጎተትኩ ኩሽኔታ እያለቀሰ ነው።

ከዚያ በኋላ እኔን ከወፍጮው አጠገብ የሚያስነሳኝ ጠፋ። ለአሥር ደቂቃ አርፌ የማልቀመጥ ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ አዳምጥ ጀመር። እግሬ ግን እንደ ልማዱ ይረግጣል፣ ጣቶቼ ክዳኖቹን ያንኳኳሉ። ጤፍ እንደ ዝናብ፣ በቆሎ እንደ ጠጠር፣ ሽሮ እንደ አሸዋ እንደሚሰማ ለየሁ። ሌሊት ተኝቼ እንኳ እጄ አንሶላውን ይጎትት እንደነበር እማዬ ትነግረኝ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈልገኝ ሰው ነበረኝ፤ ደስታው መቀመጫ አሳጣኝ።

ሐምሌ ሲጋመስ ጋሽ ንጉሤ አንድ ፌስታል ሙሉ ኮተት ይዘው መጡ። የሞተ ሬዲዮ፣ የማይሠራ የጠረጴዛ ሰዓት፣ የሳሙና ማስቀመጫ ሳጥን፣ ሁለት ትናንሽ አምፖሎች።

«መስከረም ሲጠባ አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ» አሉኝ። «እኔስ በማን ጆሮ ልሠራ ነው?»

ከሰዓቱ ውስጥ የሳንቲም ያህል ቀጭን ቢጫ ብረት አወጡ። ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው እሱ ነበር። በጣታቸው ጫፍ ይዘው፣ «ይቺን ተመልከቻት» አሉ። «ኤሌክትሪክ ስትሰጫት ትጮኻለች። ስትጮኺባት ደግሞ እሷ በተራዋ ኤሌክትሪክ ትሰጥሻለች።» ይህን በሰማሁ ማግስት እሳቸው ዞር ሲሉ ብረቷን አፌ አጠገብ አድርጌ ስሜን፣ የትምህርት ቤቴን ስምና የማልወዳትን መምህር ስም ጮህኩባት። ከዚያ የተናገርኩትን ሁሉ ይዛ የምትቀር መስሎኝ ሁለት ቀን ፈራሁ።

ብረቷን ከኩሽኔታው ቤት ላይ በማጣበቂያ ለጠፏት። ከእሷ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ትንኝ አያህልም፤ ከሬዲዮው ባወጧቸው ዕቃዎች አሳደጉት። በትንሽ ካውያ እርሳስ እያቀለጡ ሲበይዱ ግንባራቸው ላይ ያለው ዱቄት በላብ ሊጥ ይሆናል። ሳጥኗ ላይ አረንጓዴና ቀይ አምፖል ሰኩ። በጎኗ በኩል አንዲት ቀዳዳ አለች፤ በእሷ ውስጥ በካቻቢቴ የምትዞር ብሎን አለች። ወፍጮው ምን ያህል ሲንቀጠቀጥ ቀዩ ይብራ የሚለውን የምትወስነው ብሎኗ ናት። ወደ ቀኝ ስትዞር ሳጥኗ ትበረግጋለች፣ ወደ ግራ ስትዞር ትደነቁራለች።

መጀመሪያ ላይ ሥራዋ መበርገግ ብቻ ነበር። አሸዋ የጫነ መኪና በመንገድ ሲያልፍ ቀይ። ከረጢት መሬት ሲወርድ ቀይ። እትዬ ዘነበች ስታስነጥስ ቀይ። እትዬ ዘነበች የሰፈሩ ባለ ትልቅ ድምፅ ናቸው፤ ወፍጮ ቤት ሲመጡ ወሬው ከእህሉ ይበዛ ነበር። ሳጥኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ወገባቸውን ይዘው፣ «ንጉሤ፣ ይቺ ቀይ መብራት ዱቄት ስትሰርቁን ነው የምትበራው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ንጉሤ አልሰሙም። ፈገግ ብለው፣ «አዎ፣ አዎ!» አሉ። ሰልፈኛው በሳቅ ሞተ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀዩ በበራ ቁጥር «ያዘው!» የማይል አልነበረም። እኔ በእሳቸው ፈንታ አፈርኩ።

ጋሽ ንጉሤ ግን ተስፋ አልቆረጡም። አንድ ቅዳሜ ኤሌክትሪክ ቀስ እያለች የምትሞላባት ጣሳ መሰል ዕቃ ጨመሩባት። «ሰው አንዴ ቢጮህ ደንግጦ ነው» አሉኝ። «ሳያቋርጥ ሲጮህ ነው ታሟል የሚባለው። ለአንድ አፍታ ጩኸት አትብሪ፣ እስከ አምስት ስቆጥር ካላቋረጠ ብሪ ብያታለሁ።» ከዚያ የላላ ብሎን ሰጡኝና ወፍጮው እየሠራ ጎኑ ላይ ደግፌ እንዳንቀጫቅጭ አዘዙኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቀይ። ብሎኑን አነሳሁ፤ አረንጓዴ። የአሸዋ መኪና አለፈ፤ አረንጓዴ። ጋሽ ንጉሤ ጎንበስ ብለው የሳሙናዋን ሳጥን ሳሟት።

እኔ ግን ቀናሁ። በሳሙና ሳጥን ቀናሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይናቸው ከእኔ ወደ አምፖሏ ዞረ፤ ሽርጣቸውን ስጎትት እንኳ መጀመሪያ አምፖሏን አይተው ነው ወደ እኔ የሚዞሩት። ቤት ስገባ እበሳጫለሁ፣ ወለሉን እረግጣለሁ፣ በረንዳው ላይ እመላለሳለሁ። እማዬ፣ «ምን ነክቶሻል?» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ምስጢሩ የእኔ ብቻ አይደለም።

ጳጉሜን ገባ። ለእንቁጣጣሽ የሚያስፈጨው ሕዝብ መንገዱ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ወፍጮው ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ጋሽ ንጉሤ ፊታቸውን ሊለቃለቁ ወጣ ሲሉ ካቻቢቴውን አነሳሁና ብሎኗን እስክትቆም ድረስ ወደ ግራ አዞርኳት። ያሰብኩትን እናገራለሁ፤ ኩሽኔታው ያለቅሳል፣ ሳጥኗ አትሰማም፣ እኔ ሽርጣቸውን እጎትታለሁ፣ እሳቸውም «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይላሉ። ከዚያ በኋላ መልሼ አስተካክላት ነበር።

አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እማዬ በር ላይ ቆማ ጠራችኝ። የአክስቴ ልጅ አብራት ነበረች። «ሂዱ፣ ጦር ኃይሎች ሰፊው ጋ ዩኒፎርምሽን ተለክተሽ ነይ።»

«ነገ ልሂድ!»

«ነገ ሰፊው አይከፍትም። ነይ ውጪ፣ ታክሲ ሳይሞላ።»

ብናገር ሁሉም ነገር ይወጣል። ዝም ብል ደግሞ ሳጥኗ ደንቁራለች፣ እሳቸውም አይሰሙም፣ እኔም የለሁም። የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ሄድኩ።

ሰፊው ሜትሩን ትከሻዬ ላይ በዘረጋ ቁጥር ይንሸራተታል። «ቁሚ እንጂ! ዓሣ ናት እንዴ ይቺ ልጅ?» ይላል። ከእኛ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩ፣ ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ከዚያ ጠመኔው አልገኝ አለ። ውጪ ታክሲ ጡሩንባ ባሰማ ቁጥር ኩሽኔታው ያለቀሰ ይመስለኛል። መብራት ሲጠፋ፣ ኮልፌም ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ ወዲያው መጣ። የእጅጌዬን ልክ ሳይጨርስ ከእጁ ወጥቼ ሮጥኩ። የአክስቴ ልጅ እየተሳደበች ታክሲ ውስጥ ደረሰችብኝ።

ከፌርማታው ወርጄ ጭቃውን እየረገጥኩ ስሮጥ፣ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ወፍጮው አይሰማም። የጋለ ቺንጋ ሽታ ብቻ ስስ ሆኖ ወጣብኝ።

ውስጥ ሰልፈኛው በሙሉ ወፍጮውን ከብቦ ቆሟል። ቺንጋው ጎኑ ብቻ ጠቁሯል፤ ሞተሩ ደህና ነበር። እትዬ ዘነበች ለገባ ለወጣው ያወራሉ። «ሲጮህብንማ ጊዜ መቼ ዝም እላለሁ? ሄጄ ሽርጣቸውን ሁለቴ ጎተትኩላቸዋ!»

ሁለቴ። የእኔንና የጋሽ ንጉሤን ምልክት እትዬ ዘነበች ያውቁ ነበር። የሴቶቹን ፊት በየተራ አየሁ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ያ «ዱቄት ስትሰርቁ ነው ወይ» የሚለው ጥያቄ ሳይቀር እንደማይሰሙ ታውቆ ሆን ተብሎ የተጠየቀ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲያወራው የከረመውን ያልሰማነው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

ጋሽ ንጉሤ ግን የሚያዩት ሳጥኗን ነው። ብረቷን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓት። አረንጓዴ። እማዬ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመችና ከንፈሯን እያጎላች፣ «አይጨነቁ፣ ጋሽ ንጉሤ። አውቃለሁ እኮ። ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ። ይቺን ቀልቃላ ልጅ ለምን አጠገብዎ ያቆምኳት ይመስልዎታል?» አለቻቸው።

ልታጽናናቸው ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ሲቀላ በዱቄቱ ውስጥ ታየኝ። ሴቶቹን ዞር ብለው አዩ፣ ከዚያ እኔን። «ይቺም አልሰማችም» አሉ ሳጥኗን በካቻቢቴው እየነኩ። «እንደኔው ደንቆሮ ናት።» ሽርጣቸውን ፈተው አጣጠፉት፣ ከረጢት ላይ አስቀመጡትና ዝናቡ ውስጥ ወጡ።

እኔ ብሎኗን ማዞሬን ሳልናገር እስከ በሩ ተከተልኳቸው።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን እማዬ ከአየር ጤና ጋራዦች አንድ ወጣት አስመጣች፤ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ሁለት ጤነኛ ጆሮ ነበረው። «ጋሽ ንጉሤ እስከ በዓሉ ማግስት ካልመጡ እሱን እይዛለሁ፤ ማሽኑም አላስተማመናቸውም፣ እኔስ ምን ላድርግ?» አለች። ምግብ አልበላም አልኩ። ያቺ ሳጥን ደንቆሮ አልነበረችም፤ ያደነቆርኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም። ሳጥኗን በፌስታል ጠቅልዬ ለማንም ሳልናገር አስኮ ሄድኩ።

ግቢው ብዙ ተከራይ ያለበት ነው። ሁለት ሴቶች በባኞ ልብስ ያጥባሉ፣ አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይጠርጋል። ጋሽ ንጉሤ በር ላይ ብቅ አሉ። ፊታቸው ታጥቦ ስለነበረ አሁንም እንደ እንግዳ ሰው ሆኑብኝ። መንገዱን ሁሉ ስለማመደው የመጣሁትን አንገቴን ደፍቼ በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«እ? ቀና በይና ተናገሪ።»

ደገምኩት። እንባዬ ከንፈሬን ስላጣመመው አላነበቡትም። ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ሌላ መንገድ አልነበረም። «ሳጥኗ ደንቆሮ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ። «ብሎኗን ያዞርኩት እኔ ነኝ! ሆን ብዬ ነው!»

ልብስ አጣቢዎቹ እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንደያዙ ቀሩ። ሰውዬው ብሩሹን አቆመ። ጋሽ ንጉሤ ወደ እኔ ቀረብ አሉ። ጥፊ ስጠብቅ፣ «ወደ የት አዞርሻት?» አሉ።

«ወደ ግራ!»

«ምን ያህል?»

«እስክትቆም!»

ፌስታሉን ከእጄ ነጥቀው ሳጥኗን አወጡ። በቀዳዳዋ አጮልቀው አዩ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «እንግዲያው ልጄ ጤነኛ ናት!» አሉ ለሴቶቹ፣ ሳጥኗን ከፍ አድርገው። ሴቶቹ ምንም ሳይገባቸው እልል አሉ። ጋሽ ንጉሤ ኮታቸውን ለበሱ፣ ካቻቢቴውን ኪሳቸው ከተቱ፣ «በይ ነይ፣ እናትሽ ያንን ጎረምሳ ሳትይዝ» አሉኝ።

ፌርማታው ላይ ሰልፍ ነበር። ሳጥኗን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቆመው፣ ቆይተው ቆይተው፣ «ግን ለምን?» አሉኝ።

ጫማዬን አየሁ። እግሬ መሬቱን ይረግጣል። ዝም ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። «ሳጥኗ ከሠራች እኔን አይፈልጉኝም ብዬ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። አንድ ተማሪ ሳቀ። ጋሽ ንጉሤ ዓይናቸውን ከአፌ አንስተው ወደ መንገዱ አዩ፤ የሰሙትም አልመሰለኝም፣ ልደግመው ደግሞ አቅም አልነበረኝም።

ታክሲው መጣና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ወደ እኔ አዘነበሉ። «እሷ እኮ የምትሰማው ኩሽኔታ ብቻ ነው» አሉኝ። «የሰው ወሬ ማን ሊነግረኝ ነው?»

ረዳቱ በሩን እንደያዘ አንድ ነገር ጮኸ። ጋሽ ንጉሤ ምን እንዳለ በዓይናቸው ጠየቁኝ። «ጠጋ በሉ ነው የሚለው» አልኳቸው፣ ፊቴን ወደ ፊታቸው አዙሬ። ጠጋ አልን።